ግማሽ ሳንቲሜትር የተቆረጠበት ዓርብ

እኅታችን አዋላጇ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ የራሷን ሁለተኛ ዲግሪ ልትገላገል በተነሣች በአምስተኛው ዓመት፤ እኔ ታላቅ ወንድሟ ጠራዡ በዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ሱቄ ሙጫ ማቅለጥ በጀመርኩ በዐሥራ ዘጠነኛው፤ የሱቄ ፕሪንተር ለሁለተኛ ጊዜ ተፈትቶ በተገጠመ በስምንተኛው ወር፤ ጋሼ ህዳግ የተባለውም ሰው በድኅረ ምረቃ ቢሮ በቅርጽ መርማሪነት ወንበር ላይ በተደላደለ በሰባተኛው ዓመት፣ ከዕለተ ረቡዕ እስከ ዕለተ ዓርብ የሆነው ነገር ይህ ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ነገር ግን ያየሁትን አልረሳም፣ የተደረገብኝንማ ጭራሽ።

አስቀድሞ በእንተ ሕግ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የሚገዛበት አርባ ስድስት ገጽ ደንብ አለ። ደንቡም ያዝዛል፦ በስተግራ ያለው ህዳግ፣ ማለት ጽሑፍ የማይደርስበት ባዶው ጠርዝ፣ አራት ሳንቲሜትር ይሁን፣ ጥርዙ የሚበላው አለና፤ የቀሩት ሦስቱ ህዳጎች ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል ይሁኑ፤ የፊደሉ መጠን ዐሥራ ሁለት፣ የመስመሩ ርቀት አንድ ተኩል ይሁን፤ የምዕራፍ ርእስ መሐል ይቀመጥ፣ ነጥብም አይከተለው፤ ሠንጠረዥ ስሙን ከራሱ በላይ፣ ሥዕል ግን ስሙን ከእግሩ በታች ይሸከም፤ ከሰው የተወሰደ ሐሳብ የባለቤቱን ስም ይዞ ይግባ። ይህን ደንብ ፕሮፌሰሮቹ ከፍተውት አያውቁም። እኔ ግን በቃሌ እወጣዋለሁ፣ እነሱ ፈርመው የላኩትን ጥፋት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳቃና የኖርኩት እኔ ነኝና። ለዚህ ያገኘሁት ምስጋና "ፈጠን በላ ሰውዬ" የሚል ነው።

ጋሼ ህዳግ ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው። ሌላው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ አልለውም። ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። የሂሳብ ፈተና ከእኔ ወረቀት ላይ እንዳለ ገለበጠ፣ ስሕተቴን ሳይቀር ገለበጠ፤ መምህሩም ሁለታችንን አስነሥተው ፊታችንን ካዩ በኋላ የተቀጣሁት እኔ ሆንኩ፣ የእርሱ ፊት የጨዋ ልጅ ፊት ነበርና። እርሱ ዘጠነኛ ገባ፣ እኔ በሰው ሱቅ ሙጫ ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል፤ እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አልቆጥርም።

ይህ ሰው የሚፈርድበት በትር የእንጨት ማስመሪያ ነው። ማስመሪያው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በጀርባው የንብረት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፤ መርማሪ ሲሻር ለተተኪው በፊርማ ይተላለፋል፤ ማታ በመሳቢያ ይቆለፍበታል። እርሱ ያልለካው አልተለካም። ተማሪ ሁሉ ጽሑፉን በሦስት ቅጂ፣ ገና ሳይጠረዝ፣ በላስቲክ አስሮ ይቀርባል፤ ጋሼ ህዳግም ላስቲኩን ፈትቶ፣ ጣቱን በምላሱ አርሶ፣ የወደደውን ገጽ ይመዝና ማስመሪያውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ያገጣጥማል። ከእርሱ ማኅተም በኋላ ሁለተኛ በር አለ፦ የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ፋይሉን ከፍላሽ ላይ በኮምፒውተር ከፍታ ትመረምራለች፣ ከወረቀቱም ጋር መስመር በመስመር ታመሳክራለች። ይህ ሁለተኛው በር ከተከፈተ ገና ሦስት ወሩ ነው።

የእኅታችን ጽሑፍ ነፍሰ ጡሮች ከሆስፒታሉ በር እስከ አልጋ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ የሚመረምር ሲሆን፣ ገጹም መቶ ዐሥራ ሁለት ነበር። ይህንንም የጻፈችው በተረኝነት መሐል፣ ቁጭ ብላ ሳይሆን አብዛኛውን ቆማ ነው። በሆስፒታሏም የማዋለጃ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቶ፣ ፈተናውን ከሁሉ በላይ አልፋ፣ የቀራት ነገር ትምህርቷን መጨረሷን የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ደብዳቤው ዓርብ በዐሥራ አንድ ሰዓት ካልወጣ ቦታው ለሁለተኛዋ ይሰጣል። ሁለተኛዋ ደግሞ ምጥ የያዛትን ሴት "ትንሽ ቆይተሽ ነይ" ብላ የምትመልስ ናት፤ ይህን የምለው በምቀኝነት አይደለም፣ በጽሑፉ ሠንጠረዥ አራት ላይ በቁጥር አለ።

ወእምዝ በዕለተ ረቡዕ እኅታችን፣ እጀ ቀጭን፣ ዐይነ ንቁ፣ ሌሊት አድራ ጧት የማታዛጋ፣ ሦስቱን ቅጂ ታቅፋ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ህዳጓ በደንቡ መሠረት አራት ነበር፤ ያተምኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ይቆረጥ። ጋሼ ህዳግም ለካ፣ ደግሞም ለካ፣ በሰልፉም ሁሉ ፊት ይህን ዐወጀ፦

"አራት ተኩል ነው። እኔ አላልኩም፣ ማስመሪያው ነው ያለው። ላዩም ሦስት፣ ታቹም ሦስት። እናንተ ሰዎች አምስት ዓመት ሙሉ ስትማሩ አራትን ካልለያችሁ እኔ ምን ላድርጋችሁ? አስተካክለሽ ነይ። ቀጣይ።"

እርሷም ተመለሰች፤ እኔም ደንብ የሚያህል ነገር እያየሁ ሁሉንም በግማሽ ሳንቲሜትር ቀነስኩ። ማውጫው ተናጋ፣ ሠንጠረዦቹ ከቦታቸው ተሰደዱ፣ መቶ ዐሥራ ሁለት የነበረው ገጽ መቶ አራት ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ስናስተካክል ውለን እንደገና አተምን። ሐሙስ ጧት ጋሼ ህዳግ ለካውና "ይኸው፣ ሲፈልጉ ይችላሉ" ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ደስታችን አንድ ፎቅ እስኪወረድ ድረስ ቆየ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ፋይሉን ከፍታ፣ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ፣ የራሷን አዋጅ አወጣች፦

"ሦስት ነጥብ አምስት ይላል፣ እመቤት። ደንቡ አራት ነው። ከበላይ ያለው ማኅተም እኔን አይመለከተኝም፣ ማሽኑ አይቀበለውም። ደግሞ ፋይሉን ብቻ ልታስተካክይ እንዳታስቢ፣ ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር አያለሁ።"

እንግዲህ አስተውሉ። ፋይሉ አራት ካልሆነ ታች አያልፍም፤ ወረቀቱ አራት ከሆነ ላይ አያልፍም፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ደግሞ የትም አያልፍም። ሦስት ወር ሙሉ ተማሪዎች በሁለቱ ፎቆች መካከል ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ያየሁት ለካ በዚህ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኮምፒውተር የሚያይ ስላልነበረ ሁሉም ዝም ብሎ በሦስት ተኩል ያትም ነበር፤ እኔም ስጠርዝ የመስመሮቹ መጀመሪያ ፊደል ሙጫ ውስጥ እየገባ ቢያስቸግረኝ ለቢሮው አመልክቼ "አንተ ጠርዝ እንጂ ምን አገባህ" ተብያለሁ። ማመልከቻዬ አሁንም ያለው በዚያው መሳቢያ ነው።

እኅታችን ግን አላለቀሰችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሏ አዲስ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይዛ ዳግመኛ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ማስመሪያዋን አስቀምጣ ለማሳየት ብትሞክር ጋሼ ህዳግ በሁለት ጣቱ ብቻ አንሥቶ፣ ገልብጦ ጀርባውን አይቶ፣ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

"ይሄ የንብረት ቁጥር የለውም። በዚህ ለክቼ ነገ ኦዲት ቢመጣ ምን እላለሁ? የገዛችሁትን ሁሉ እዚህ አታምጡብኝ።"

የእርሷ ዐይን ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። በቀን ስምንት ዘጠኝ ሕፃን ከራሱ እስከ ተረከዙ የምትለካ ሴት ናት፤ አንድ ሳንቲሜትር ምን ያህል እንደሆነ ጣቷ ያውቀዋል። የእንጨቱን ማስመሪያ ጫፍ አየች። አንድ የሚለው ቁጥር ከጫፉ የሚርቀው የግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዜሮው የለም። ከሰባት ዓመት በፊት የነበረው መርማሪ መስኮቱን ሊያስደግፍበት ሲል ጫፉን ሰብሮት፣ ስብራቱንም በቢላ አስተካክሎ፣ ለጋሼ ህዳግ በፊርማ አስረክቦት ኖሯል። ጋሼ ህዳግም ቁጥሩን በጀርባው አረጋግጦ ተረክቧል፤ ፊቱን ማን ያያል?

ይህን በደረጃው ላይ ስትነግረኝ ልቤ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሦስት ወር የጠበቅሁት ነገር በእንጨት ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ወደ ላይ ልመለስ፣ በሰልፉ ፊት ማስመሪያውን ልነጥቀው፣ ጫፉን በአፍንጫው ላይ ልደቅንለት ሁለት ደረጃ ወጥቼ ነበር። እኅታችን ግን ሸሚዜን ከኋላ ይዛ ይህን ዐወጀች፦

"ወንድምዓለም፣ ቁም። ብትናገር ልክ ነህ። ልክ ስለሆንክ ማስመሪያው ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ እስከዚያ ማንም አይለካም። እኔ የምፈልገው ዓርብ ነው። የእርሱን ውርደት ለሌላ ጊዜ አድርገው። እስክጨርስ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ እኅት አለኝ እንዳትል።"

እኔም አፌን ዘጋሁ። ስለ ብዕር ግን አዋጁ የተናገረው ነገር አልነበረም።

ወእምዝ ቀጠለች፦ "ማስመሪያው አይነካም፣ ፋይሉም ወደ መጀመሪያው አራት ተመልሶ አይነካም። የቀረው ወረቀቱ ነው። በአራቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ቁረጥልኝ።" ይህን ያሰበ ፕሮፌሰር የለም። ፋይሉ በአራት ይኖራል፣ ለሴትዮዋ፤ የወረቀቱ ጠርዝ ግማሽ ሲጎድል በጎደለ ማስመሪያ አራት ሆኖ ይነበባል፣ ለሰውየው፤ ገጹም መስመሩም ከፋይሉ ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። እናታችን ገና ድሮ "አንዳችሁን ብቻ ነው ማስተማር የምችለው" ስትል ለምን እሷን እንደመረጠች ያኔ ገባኝ፤ ገባኝ ማለት ግን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም።

በዕለተ ዓርብ ጧት ሠራዊቱ በሱቄ ተሰበሰበ፤ ቁጥሩም ይህ ነው። እናታችን ከታጣፊ በርጩማዋ ጋር አንድ፤ የእኅታችን ባል፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ክንዱ እንደ ጎማ የወፈረ፣ አንድ፤ እኔ ጠራዡ አንድ፤ የብረት መቁረጫ ማሽን ከረጅም እጀታዋ ጋር አንድ፤ እንደገና በአራት ሳንቲሜትር እስከ ስምንት ሰዓት ሲታተም የዋለ ወረቀት ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት፤ ላስቲክ ስድስት፤ ፍላሽ አንድ፣ እርሱም በእኅታችን አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለ። እርሷ ራሷ ከሌሊት ተራ ወጥታ በቀጥታ የመጣች ስትሆን፣ ጫማዋን ሳትቀይር በራሱ በመቁረጫው አጠገብ እንደ አዛዥ ቆመች።

መቁረጫዋ በአንድ ጊዜ የምትችለው አርባ ወረቀት ስለሆነ ዘጠኝ ጭፍራ ሆነው ተከፈሉ፤ እያንዳንዱም ጭፍራ በአራት ጎኑ የሚቆረጥ ስለሆነ ሠላሳ ስድስት ምት ተቆጠረ። እኔ ልኩን ይዤ አጠብቃለሁ፣ ሹፌሩ እጀታውን ይጫናል፣ እናታችንም የሚወድቀውን ቀጭን ቁራጭ እየሰበሰበች በየምቱ "አይዞህ የኔ ልጅ" ትለዋለች። እኔንም አንድ ጊዜ ብትል ምን ነበረበት? ሃያ አንድ ምት ያለ ጉዳት አለፈ። በሃያ ሁለተኛው ላይ ሹፌሩ፣ መንገድ የለመደ ሰው ነውና፣ አሳንሶ በመጫን ፈንታ ዳገት እንደሚወጣ ተጫነው፤ አንዷ ወረቀትም ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ሸሸች፣ የሁለተኛው ቅጂ ገጽ ሃምሳ ስምንትም የአንድ መስመር ፊደሎቹን እግር ተቆረጠ። ሹፌሩ "እንግዲህ ፍሬን የለውማ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ያን አንድ ገጽ እንደገና ለማተም ብንሞክር ፕሪንተሩ ቀለም አለቀብኝ አለ። ሌላ ቀለም በሰፈሩ የለም፤ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። እኅታችን የቀለሙን ዕቃ ከማሽኑ አወጣችና እንደ ልጅ መድኃኒት ጠርሙስ ቀስ አድርጋ፣ ደጋግማ፣ እየቆጠረች ነቀነቀችው። ከዚያም አንድ ገጽ፣ አንድ ብቻ፣ ግራጫ ሆኖ ግን ሙሉ ሆኖ፣ እየተንተፋተፈ ወጣ። የቀሩት ዐሥራ አራት ምቶች ተፈጸሙ፤ በዐሥር ሰዓት ከአምስት ሠራዊቱ መንገዱን ተሻገረ።

በሁለተኛ ፎቅ ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር። ሰባቱም ተለኩ፣ ሰባቱም ወደቁ፤ የሰባተኛዋ ልጅ ዐይን ቀልቶ ነበር። ከዚያም እኅታችን ቀረበች። ጋሼ ህዳግ ላስቲኩን ፈታ፣ ጣቱን አረሰ፣ ገጽ ዐሥራ ሁለትን መዘዘ፣ ማስመሪያውን አገጣጠመ። ግራው አራት። ገጽ ሰባን መዘዘ፣ ላዩ ሁለት ተኩል። ገጽ መቶ አንድን መዘዘ፣ ቀኙ ሁለት ተኩል፣ ታቹ ሁለት ተኩል። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ስሕተት ስላጣ ቅር ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ወረቀቱን በመዳፉ መዘን መዘን አድርጎ ይህን ተናገረ፦

"ህዳጉስ ልክ ነው። ወረቀቱ ግን… ምነው ትንሽ አነሰብኝ?"

በዚያች ደቂቃ የእኔ አፍ ሊከፈት ነበር፤ የእኅታችን ክርን ጎኔን አገኘው። ከበሩ አጠገብ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠችው እናታችን ግን፣ አዋጁ እርሷን ስለማይመለከት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች፦

"አንተ ልጅ፣ ሦስት ቀን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ሰውም ይከሳል፣ እንኳን ወረቀት። አንተም በልጅነትህ ቤቴ ስትመጣ ቀጭን ነበርክ፤ አብልቼህ ነው እንዲህ የሆንከው። አሁን ማኅተምህን አድርግና ልጄ ሄዳ ትተኛ።"

ጋሼ ህዳግም እናታችንን አወቃት። ጆሮው ቀላ። ማኅተሙን አንሥቶ በቀለሙ ላይ ሁለት ጊዜ ደልቆ በሦስቱም ቅጂ ላይ አሳረፈ፤ ድምፁም በኮሪደሩ ተሰማ። ከዚያ ጽሑፉን ከፍ አድርጎ ለሰልፉ እያሳየ፣ "እዩት፣ እንዲህ ነው ሥራ፤ ማን ነው ያዘጋጀው?" አለ፤ እኅታችን እኔን አመለከተች፤ እርሱም ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠና "አንተ ድሮም እጅህ ቀጥ ያለ ነበር" አለኝ። ልኬ በተጭበረበረበት ቀን፣ ባጭበረበርኩት ሥራ፣ ከዚያ ሰው አፍ የመጀመሪያውን ምስጋና ተቀበልኩ። መልሱ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም፤ እስከ ዛሬ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ አለ።

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ፋይሉን ከፈተች፣ አራት አገኘች፤ ወረቀቱን ገለጠች፣ መስመሩን ከመስመሩ ጋር አንድ አገኘች፤ ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆም ብላ "ይቺ ምን ነካት፣ ደንግጣለች?" አለችና አለፈች። ደብዳቤው ለዐሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀር ተፈረመ። ሹፌሩም በመኪናው ይዞት ነጐደ፣ ለዚህ ሥራ ግን ከባድ እግሩ ተመሰገነ።

ወእምዝ እኅታችን በደረጃው ስትወርድ ያቺን ዐይኗ የቀላውን ልጅና ከኋላዋ የተቀመጡትን ስድስቱን አገኘቻቸው። ጎንበስ ብላ፣ ወደ ላይ እንዳይሰማ ዝግ ባለ ድምፅ፣ የመጨረሻውን አዋጅ ዐወጀች፦ "ፋይላችሁን አትንኩ። በራሱ በበሩ ፊት ለፊት ወንድሜ አለ፤ በአራቱም ጎን ግማሽ ሳንቲሜትር በሉት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁት፣ ይናገራል።" ሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሱቄ በር ገና ሳይከፈት ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ሁሉ ከዓለም ወረቀት ሁሉ በአንድ ሳንቲሜትር ያነሰ ጽሑፍ ይዞ ይመረቃል፤ ጋሼ ህዳግም የተማሪው ጥራት እየተሻሻለ ነው ብሎ ለበላይ ሪፖርት አድርጓል።

በዚያው ሰኞ እኅታችን የማዋለጃው ክፍል ኃላፊ ሆና ተሾመች። ስለዚህ እኔ ወንድሟ፣ የተማረ ሰው ስለማይጽፍላት፣ እንዲህ እጽፋለሁ።

ሰላም ለዐይኖችሽ፣ መንግሥት ሰባት ዓመት ያላየውን ጫፍ በአንድ እይታ ላዩ። ሰላም ለጣቶችሽ፣ ያለ ማስመሪያ ለሚለኩ፣ ሕፃንን ለሚቀበሉ፣ ወንድምንም ከሸሚዙ ለሚይዙ። ሰላም ለክርንሽ፣ ጎኔ አሁንም ያውቀዋል። ሰላም ለእግሮችሽ፣ በሦስት ቀን ያንን ደረጃ አራት ጊዜ ለወጡ። ሰላም ለዝምታሽ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተናግሬ ያላገኘሁትን ላገኘ። ሰላም ለፊርማሽም፣ ከእንግዲህ ሌላው ሰው ተሰልፎ ለሚጠብቀው፤ ሲጠብቁሽ ግን እባክሽ አታስረዝሚባቸው።